ንቧ የት ደረሰች?

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፀጉር ቤቱን እስከ ምሳ ሰዓት ዘጋሁት። ቅዳሜ ቀን ፀጉር ቤት ዘግቶ መሄድ... ደንበኛው ይቅርና ጎረቤትም ያኮርፋል። ግን የወላጆች ቀን ነው። ባለቤቴ ሸሚዜን ከሳምንት በፊት ተኩሳ ሰቅላዋለች። እምቢ ማለት ይቻላል?

የግል ትምህርት ቤቱ ግቢ ሆቴል ነው የሚመስለው። ሣሩ ተከርክሟል። (በሙያ ዓይን አየሁት። ጠርዙ ጋ ትንሽ ተዛብቷል።) ወንበሩ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ዘመሩ። ምንም ያልገባን ወላጆች ከሁሉም አብልጠን አጨበጨብን።

ቃጭሌ አንደኛ ክፍልን ጨረሰች! ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ማንበብ ትችላለች፣ ይሄን አልክድም። የምስክር ወረቀትም ሸለሟት፦ «የዓመቱ ጨዋ ተማሪ»። አስተማሪዋ የባለቤቴን እጅ ይዛ፣ «እንዲህ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ ድምጿ አይሰማም» አለቻት። ባለቤቴ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። እኔም አጨበጨብኩ...

ቆይ ግን። ድምጿ አይሰማም? የቃጭሌ?

ይቺ ልጅ ቃጭሌ የተባለችው እኮ ያለ ነገር አይደለም። አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ስትንቃጨል ነው የኖረችው። «የዚች ልጅ ባትሪ አያልቅም እንዴ?» ይለን ነበር ጎረቤቱ ሁሉ። ዘንድሮ ቤትም ጸጥ ብላለች፣ እኔ የትምህርት ድካም ነው ብዬ ነበር።

ሰኔ 24

ትምህርት ስለተዘጋ ቃጭሌ ከእኔ ጋር ፀጉር ቤት ትውላለች። እንደ ድሮው።

እንደ ድሮው ነው? አይደለም።

ድሮ፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ የቤቱ ዋና ሠራተኛ እሷ ነበረች። ሕፃን ሲመጣ የወንበሩ ክንዶች ላይ ሳንቃ አጋድማለሁ፣ ልጁን እዚያ ላይ ቁጭ አደርገዋለሁ። ማሽኑን ስከፍተው ልጁ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። ያኔ ቃጭሌ መስታወቱ ሥር ቆማ ትጀምራለች። «አትፍራ፣ ማሽን አይደለችም፣ ንብ ናት። ቤቷ ጠፍቷት ነው። አናትህ ላይ ያለው ጫካ ነው፣ እዚያ ውስጥ እየፈለገች ነው...» ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማታል። እኔ በዚያ መሃል ጎኑንም ማጅራቱንም ጨርሼ፣ ንቧ ወንዝ ዳር ስትደርስ ጨርቁን አራግፋለሁ። «ከዚያስ?» ይላል ልጁ። «ፀጉርህ ሲያድግ» ትለዋለች። ገና አራት ዓመቷ ነው እኮ! ይሄን ነጋዴነት ከማን እንደወረሰችው እንጃ። ፀጉራቸው ሳያድግ እናታቸውን እየጎተቱ የሚመጡ ነበሩ።

ዛሬ ባለ ዳቦ ቤቷ ትንሹን ልጇን አመጣችው። ሳንቃው ላይ አስቀመጥኩት። ማሽኑን ገና ሳልከፍት ወደ ቃጭሌ ዞሮ፣ «ንቧ የት ደረሰች?» አላት።

ዝም።

«ቃጭሌ፣ ይጠይቅሻል እኮ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ በሩን አየች። ሰው መኖሩን የምታጣራ ነው የምትመስለው። ልጁ ለቅሶውን ለቀቀው፣ ሲወራጭ ጆሮው ሥር ያለው ተበላሸብኝ። እናቱ አቅፋው ሄደች። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

አደገች ማለት ነው? ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው እንዴ?

ሰኔ 29፣ እሑድ

እናቴ ለምሳ መጣች። ከጡረታዋ በፊት ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው መንገዳችን ጫፍ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እኔም እዚያው ነው የተማርኩት።

የምስክር ወረቀቱ ፍሬም ገብቶ ሳሎን ተሰቅሏል፣ ከሠርጋችን ፎቶ ጎን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «ጎሽ የኔ ልጅ!» አለች። እኔ ደግሞ መቼ አፌ ያርፋል... «እማዬ፣ የልጅቷ ዝምታ አላማረኝም። አንቺ ያስተማርሽበት ትምህርት ቤት ብናስገባትስ?» አልኩ።

ሁለቱም መብላታቸውን አቆሙ።

ከባለቤቴ ጠብቄው ነበር። ከእናቴ ግን? ከጎኔ ትቆማለች ብዬ እኮ ነው ነገሩን እሷ ባለችበት ያነሳሁት!

«ልጄ፣ የዚያ ቤት ጣሪያ የት የት እንደሚያፈስ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም» አለችኝ። «ባልዲ ስደቅን የኖርኩት እኔ ነኝ። ተወው።»

«አንቺ ጥሩ አስተማሪ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ። ለፊት ወንበሮቹ።»



ደግሞ ጨመረችበት፦ «ዝም ማለቷ ምን ያሳስብሃል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።» በሆዴ፣ ንብም አይወጣም አልኩ። ቃጭሌ በልታ ሳህኗን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጉድ ነው የዛሬው።

ኢንጂነሩ መጣ። መንገድ ሥራ ነው ሙያው፣ ልጁ ከቃጭሌ ጋር አንድ ክፍል ነው። ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ስብሰባ የሚመራ ይመስለዋል። ባለ ታክሲውም ተራ እየጠበቀ ጋዜጣ ያነባል። የእሱ ልጆች የመንግሥት ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱ አንድ ቀን ሰላም ውለው አያውቁም።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ምን ይማራል? ሰልፍ መያዝ!» አለ ኢንጂነሩ።

«የግሉስ? ለአባቱ ደረሰኝ ማምጣት» አለ ባለ ታክሲው፣ ጋዜጣውን ዝቅ ሳያደርግ።

እኔ ሳቄን ውጬ ጎኑን እያስተካከልኩ ነው። ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው፣ በማን እፈርዳለሁ?

«አንተ ሥርዓት የሚባል ነገር አታውቅም» አለ ኢንጂነሩ። «እኛ ጋ ግቢ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ትንፍሽ ያለ ልጅ ቀይ ሪባን አንገቱ ላይ ያጠልቃል። የሚያወልቀው ሌላ ልጅ ሲያወራ ይዞ ሲያሳብቅ ነው። ከዚያ ሪባኑ ለተያዘው ይተላለፋል። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያጠለቀው!» በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። «ያንተዋማ ጀግና ናት። አንድም ቀን አላጠለቀችም አሉ። በየትኛውም ቋንቋ አታወራማ!»

እጄ...

እጄን ምን እንዳዘዘው አላውቅም። ማሽኑ ከግንባሩ ተነስቶ አናቱን አቋርጦ ወጣ። ቀጥ ያለ መንገድ። የመንገድ ሰው ነው፣ ከፈለገ ይለካው።

 ባለ ታክሲው ጋዜጣውን አጠፈ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይሄ ነው» አለ።

ምን ይደረጋል፣ ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት። «ይቀልሃል» አልኩት። «በዚህ ብርድ?» አለ። ሒሳብ አልተቀበልኩትም፣ እሱም አላወጣም። የባለ ታክሲውን ጋዜጣ ራሱ ላይ ደፍቶ በዝናብ ሄደ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዓመት ሙሉ አብራን ስትበላ፣ አብራን ስትተኛ... ይሄን ከደንበኛ አፍ ልስማው?

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ጠየቅናት። ባለቤቴ ፀጉሯን እየሠራችላት፣ እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ።

«ሪባኑን ፈርተሽ ነው?»

ራሷን ነቀነቀች። አይደለም ማለቷ ነው። ከዚያ በሹክሹክታ፦ «እኔ ካጠለቅኩት ሌላ ልጅ መያዝ አለብኝ።»

«ቤትስ? ቤት ማን ይዞሽ ነው?»

«ቤት ካወራሁ... እዚያ ያመልጠኛል።»

ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንጨት የምፈልግ መሰልኩ እንጂ አለቀስኩ። ከሪባኑ ይልቅ የሰው ልጅ ማሳበቁ ከብዷት አፏን የዘጋች ልጅ... ሰባት ዓመቷ ነው። ኮራሁም። ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ እንዴ?

ባለቤቴ ምሳ አልበላችም። አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ደውዬ እነግራቸዋለሁ፣ ያቆማሉ። አላወጣትም ግን» አለች።

«ለምን?»

«አንተ የመምህሯ ልጅ ነበርክ፣ ፊት ነው የተቀመጥከው። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ኋላ ነበርኩ። ዓመቱ እስኪያልቅ አስተማሪዬ ስሜን አታውቅም ነበር። ‹አንቺ ባለ ሰማያዊ ሹራብ› ነበር የምትለኝ። ሹራቡ ሲያልቅ ‹አንቺ› ብቻ ሆንኩ። ልጄ ‹አንቺ› ስትባል አልሰማም።»

ለካ ለዚህ ነው! ባለቤቴ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። በሽተኛ ስትጠራ ስሙን ከነአባቱ፣ ጥርት አድርጋ ነው። አንድም በሽተኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብላ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ይሄን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ ዛሬ ገባኝ።

ሐምሌ 9

ደወለችላቸው። «እናስብበታለን» አሏት። ማሰብ መጀመራቸውም አንድ ነገር ነው።

ሐምሌ 16

ባለቤቴ «ለማየት ብቻ» ብላ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት አብራኝ ሄደች።

አልዋሽም፣ ከማስታውሰው የባሰ ነው። የተሰበረው መስኮት በካርቶን ተሸፍኗል። አንድ ወንበር ላይ ለሦስት ነው የሚቀመጡት። ባለቤቴ የመጸዳጃ ቤቱን በር ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ አየችኝ። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ።

ርዕሰ መምህሯ ቦት ጫማ አድርጋ፣ መዶሻ ይዛ ነው ያገኘናት። ወንበር እየጠገነች። ምንም አልደበቀችም። «ልጅ ይበዛብናል» አለች። «አስተማሪዎቹ ግን ይመጣሉ፣ ያስተምራሉ። ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከዚህ በላይ አልምልላችሁም።»

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «አስተማሪዋ የልጆቹን ስም ታውቃለች?»

«እስከ ጥቅምት ታውቃለች። ተናጋሪዎቹን ቶሎ። ዝም ያሉት ናቸው የሚዘገዩት።»

ባለቤቴ ክርኔን ነካችኝ። አየህ?

አየሁ። ምን ልበል? ድምፅ የሌላት ልጅ እዚያ ሕዝብ መሃል ብትገባ ማን ያገኛታል?

ልንወጣ ስንል ርዕሰ መምህሯ፣ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ አልኳት። «እንዴት ያለ ዕድል ነው! ቅማል አለብን!» አለች፣ ከልቧ ደስ ብሏት። ትምህርት ሳይከፈት አንድ ቅዳሜ ወላጆች ሁሉ ሙያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቧንቧ ሠሪው ቧንቧ፣ ቀለም ቀቢው ቀለም። «ልጅዎን ባያስገቡም ይምጡ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እምቢ ማለት መቼ ይሆንልኛል?

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ኢንጂነሩ ኮፍያ አድርጎ ብቅ አለ።  ሊጣላኝ መስሎኝ መቀሱን አስቀመጥኩ።

ለካ እሱም ልጁን ጠይቆታል። ልጁ ሪባኑን ለማውለቅ ያሳበቀው የልብ ጓደኛው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፣ ልጁ ማታ ማታ ይቃዣል። «እኔ ሁለት ጊዜ ብቻ ብዬ እኩራራለሁ...» አለ ኢንጂነሩ፣ ኮፍያውን አውልቆ እያየው። ከዚያማ ያንን ትልቅ ድምፁን ይዞ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ምን እንዳላቸው እንጃ፣ ሪባኑ ቀረ! ለሁሉም ልጆች።

ያበቀለውን ፀጉር በነፃ አስተካከልኩለት። በጥንቃቄ።

ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች። «እንግዲህ ምክንያትህ ሞተ፣ ቅበረው» አለችኝ።

ለቃጭሌም ነገርናት። ሪባን የለም፣ ማንም አያጠልቅም። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ነቀነቀች ብቻ።

ነሐሴ 4

ኩርፊያ። ቃጭሌን እናውጣት ማለቴን ስላልተውኩ ባለቤቴ ካኮረፈችኝ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጨው አቀብዪኝ ስላት በቃጭሌ በኩል ነው የምታቀብለኝ።

ነሐሴ 7

ተሸነፍኩ። ክርክር አሸንፋኝ አይደለም። የርዕሰ መምህሯ ቃል ነው ከሆዴ አልወጣ ያለኝ፣ ዝም ያሉት ናቸው የሚዘገዩት። ትንሽ ክፍል ውስጥ ዝም ብትል ቢያንስ ትታያለች። «እሺ፣ እዚያው ትቀጥል» አልኳት። ባለቤቴ ግንባሬን ሳመችኝ። ለዩኒፎርም ልኬት ነሐሴ 17 ከሰዓት ቀጠሮ አስያዘች።

ጥሩ ሰው ነች እኮ። አሸንፋም አትፎክርም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

እጄ ፀጉር በፀጉር ሆኖ፣ ሳልታጠብ ነው የምጽፈው።

ቃሌን አክብሬ ጠዋት የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቃጭሌን ይዤ፣ ባለቤቴ ከሥራ ስትወጣ ከዚያው ልትወስዳት። ዛፍ ሥር ሁለት የተማሪ ወንበር አቀራርቤ ሳንቃዬን አጋደምኩ። ግቢው ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው! ባለ ታክሲው ግድግዳ ይቀባል፣ ከግድግዳው ይልቅ ራሱን። እናቴም መጥታለች፣ ማንም ሳይጠራት። ጣሪያ ላይ የወጣውን ሰውዬ ከታች ቆማ በከዘራዋ ታዘዋለች። «እዚያ አይደለም፣ ወደ ግራ! እሱ እኮ ከድሮም አያፈስም!» ሰውዬው ላቡ ጠብ ይላል።

የልጆቹ ሰልፍ እስከ በሩ ደረሰ። ቃጭሌ ጨርቁን ታራግፋለች፣ ማበጠሪያ ታቀብለኛለች። ዝም ብላ።

አንድ አዲስ ገቢ ሳንቃው ላይ ሲወጣ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማሽኑን ሲሰማማ... «ጆሮዬን! ጆሮዬን!» ግቢውን በለቅሶ ሞላው። ሰልፉም ተረበሸ፣ ኋላ ያሉት ሊያለቅሱ አፋቸውን አዘጋጁ።

የባለ ዳቦ ቤቷ ልጅ ከሰልፉ ወጣ። «አትፍራ፣ ንብ ናት!» አለው። «ቤቷ ጠፍቷት ነው። ከዚያ ወንዝ ዳር ደረሰች። ከዚያ... ከዚያ ወንዙ ውስጥ ገብታ ሞተች።»

«አልሞተችም!»

ማነው የጮኸው? ዞር አልኩ።

«ማነው ሞተች ያለህ? ቅጠል ላይ ወጥታ ነው የተሻገረችው!»

ቃጭሌ ናት። ጨርቁን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷ ቀልቶ። ከዚያ ድንገት አፏን በጨርቁ ያዘችና ዙሪያዋን አየች። ማን ሰማኝ? ሁሉም ሰምቷታል። ሰልፉ በሙሉ እሷን ያያል። አንድም ልጅ ጣቱን አልቀሰረባትም።

እኔ? ማሽኑን ማጥፋት ረስቻለሁ።

«እሺ ከተሻገረች በኋላስ?» አለ የሚያለቅሰው ልጅ፣ ንፍጡን እየጠረገ።

ቃጭሌ ጨርቁን ከአፏ አወረደች። «ከተሻገረች በኋላ...» ቀስ ብላ ነው የጀመረችው፣ እንደዛገ በር። «ከተሻገረች በኋላ አንድ ጉንዳን አገኘች። ጉንዳኑ ‹ቤትሽ ምን ምን ይሸታል?› አላት...»

ሰልፉ ፈረሰ። ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። እኔ እየላጨሁ፣ እየላጨሁ፣ ልጁን ከጨረስኩት በኋላም ማሽኑን አናቱ ላይ በባዶ አዞርኩት። ንቧ እንዳታርፍብኝ ፈርቼ።

ቀና ስል ባለቤቴን አየኋት። በሩ ጋ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ። መቼ እንደመጣች አላውቅም። አልተጣራችም። ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ አለች፣ ቀለም የነካው ላይ። ቀሚሷ ተበላሽቷል፣ እሷ አላወቀችም። ንቧ ጫካ ገብታ ወጣች፣ ዝናብ መታት፣ ከጉንዳኑ ጋር ተጣላች፣ ታረቀች። ከሰዓቱ አለቀ። የልኬቱን ቀጠሮ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁ።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች ነበር። እኔ አደርቃለሁ።

«ዝም ያሉት ናቸው የሚዘገዩት ነው ያለችው አይደል፣ ርዕሰ መምህሯ?» አለች።

«አዎ።»

«ይቺ አትዘገይም።»

 የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ትግባ ማለቷ ነው። ሁለት ነገር ግን ቃል አስገባችኝ፦ እንግሊዝኛው እንዳይጠፋት ማታ ማታ እሷ ታስነብባታለች፣ እኔ ደግሞ አርፌ ጣልቃ አልገባም። እናቴ ስትሰማ፣ «እኔም ከሰዓት ብቅ እያልኩ የኋላ ወንበሮቹን አስነብባለሁ» አለች። ማን ጠየቃት? ማንም። ጫማዋን እንኳ አስጠርጋለች።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ሳምንት አለቀ። ጉልበቷ ተልጧል፣ ላጲሷ ጠፍቷል። አንድ ቀን ውሃ አልነበረም። የተቀመጠችው ኋላ ነው፣ ከግድግዳው ጥግ። ቤት ውስጥ ግን ታወራለች... ራት ላይ፣ ጫማ ስታወልቅ፣ ጥርሷን እየቦረሸች እንኳ። ተመስገን ነው።

«ክፍል ውስጥስ?» አለቻት ባለቤቴ።

«እዚያ ገና ነኝ።»

«መምህርሽ ምን ብላ ትጠራሻለች?»

«‹አንቺ ከኋላ ያለሽው› አለችኝ።»

ባለቤቴ ተነስታ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው።

ተሳስተን ይሆን?

መስከረም 26

እናቴ ከኋላ ወንበሮቹ ጋር ስትውል አይታታለች። «ምን ታደርጋለች?» ብዬ ብጠይቃት፣ «እኔ ወሬ አላመላልስም» አለችኝ። ደግሞ ትስቃለች።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

አስተማሪዋ «ሁለታችሁም ኑልኝ» ብላ ላከችብን። ባለቤቴ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። መንገዱን ሙሉ ስለ ቃጭሌ ሳሰላስል ሄድኩ። ምን አጠፋች? ታመመች? አሁንም ዝም ብላ ይሆን?

አስተማሪዋ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ሰልሏል። የልጆቹ ወንበር ላይ አስቀመጠችን። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ።

«ስለ ልጃችሁ ነው» አለች። ባለቤቴ ቦርሳዋን ጨበጠች።

«እኔ ልጅ መክሰስ አልወድም። ግን አቃተኝ። ታወራለች!»

እኛ ተያየን።

«ጠዋት ታወራለች፣ ከእረፍት መልስ ታወራለች። ኋላ ሳስቀምጣት የኋላው በሙሉ እሷን ይሰማል። ፊት ሳመጣት የፊቱ ዞረ። አንዲት ንብ አለች፣ ቤቷ አትገባም! ትናንት ሒሳብ እያስተማርኩ አንዱ እጁን አወጣ። ጥያቄ ያለው መስሎኝ ደስ ሲለኝ፣ ‹መምህር፣ ንቧ የት ደረሰች?› አይለኝ መሰላችሁ? እኔን!»

ባለቤቴ አቀርቅራለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስተማሪዋ ደነገጠች። «ኧረ እህቴ፣ ይሄን ያህል የሚያስለቅስ እንኳን አይደለም...»

«ስሟን ያውቁታል?» አለች ባለቤቴ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

«ስሟን?» አስተማሪዋ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ደህና ናት ወይ ማለቷ ነው። «ከክፍሉ ሁሉ መጀመሪያ ያወቅኩት የማንን ሆነና? ቀኑን ሙሉ እሱኑ እየጠራሁ ዝም በይ ስል አይደል እንዴ የምውለው!» ደግሞ ጠራችው። ሙሉ ስሟን ከነአባቷ፣ ጥርት አድርጋ፣ በዚያ በሰለለ ድምፅዋ።

ባለቤቴ እያለቀሰች ሳቀች። እጄን ስትይዘኝ ጥፍሯ ገባ። «ይሄን በጽሑፍ ሊሰጡን ይችላሉ?» አለች።

አስተማሪዋ ልንከሳት መሰላት መሰለኝ፣ ፊቷ ተለዋወጠ። «አይ፣ ሳሎን ልንሰቅለው ነው» አልኳት። ይብስ ግራ ገባት። በደንብ እንመክራታለን ብለን ቃል ገብተን፣ ይቅርታ ጠይቀን ወጣን። እስከ ቤት እንደ ሕፃን እየሳቅን ነው የሄድነው። አንድ ደንበኛዬ መንገድ ላይ አይቶን፣ «ምን ተገኘ?» አለ። «ልጃችን በክፍል ውስጥ ትረብሻለች!» አለችው ባለቤቴ። ሰውዬው «እግዜር ይሁናችሁ» ብሎን አለፈ።

ራት ላይ እናቴም አለች። ቃጭሌ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «መምህሬ ምን አለች?»

«በትምህርት ሰዓት ታወራለች አለች» አለች ባለቤቴ፣ ፊቷን ለመቋጠር እየታገለች። «ከነገ ጀምሮ መምህርሽ ስታስተምር አፍሽን ዘግተሽ ትሰሚያለሽ። ገባሽ?»

«እሺ እማዬ።»

ትንሽ ቆየት ብላ፣ «አሁንስ? አሁን እኮ መምህሬ የለችም» አለች።

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

«አሁንማ ንገሪኝ» አለቻት። «ንቧ የት ደረሰች?»

ራቱ ቀዘቀዘ። ማንም አላሞቀውም።